በኡዋይላ ዛፍ ላይ አራት ሚስማር

ኢማዴ መጽሐፉን የገለጠችው ቆማ ነበር። አርባ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ተቀመጠች፤ ወዲያው ደግሞ ተነሣች።

«አክስቴ! ኡዋይላን ወንድ አደረጓት!»

አክስቷ ኢዜግቡዋ መጥረጊያዋን እንደያዘች ከጓሮ ብቅ አለች። «እነማን?»

«ኮሚቴው! ‹የታላቁ ጦረኛ፣ የቺፍ ኢዮሃ ቅድመ አያት መቃብር› ይላል። ከጻፍኩት አንድ መስመር የለም። ያነሣሁትን ፎቶ ብቻ ወስደዋል።»

‹ቺፍ› የሚለውን የሹመት ማዕረግ የያዘው ኢዮሃ የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። ጎብኚ የማያውቃቸውን የቤኒን ከተማ ቅርሶች የሚያሳይ መጽሐፍ ይታተም ሲባል፣ ኢማዴ የታሪክ ዲግሪዋን ይዛ ስድስት ወር በእግሯ ዞራለች። ከተማዋን ይከላከል የነበረውንና ዛሬ ቆሻሻ የሚደፋበትን ጥንታዊ ጉድባ፣ በሁለት ሱቆች መካከል የተጣበቀውን የነሐስ ሠሪዎች መሠዊያ፣ ዛሬ ጎማ የሚለጠፍበትን የድሮውን የከተማ በር፣ ሁሉንም ጽፋለች። የመጨረሻው የራሳቸው ጓሮ ነበር፦ ጉድባው አፋፍ ላይ ያለው ዛፍ። ከሥሩ ያለችው ኡዋይላ ናት፤ ጉድባው ሲቆፈር ከወንዶች እኩል ስትቆፍር አፈር ተንዶባት የቀረች ሴት። ኢማዴ ጠንቃቃ ስለሆነች «ቤተሰቡ እንደሚለው» ብላ ነው የጻፈችው። ቺፉ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አላስፈለገውም።

«ለካ ለዚህ ነው» አለች አክስቷ። «ትናንት ገበያ ሳለሁ ሰዎች መጥተው ዛፏ ላይ የብረት ሰሌዳ መትተው ሄደዋል። በጨርቅ ሸፍነውታል። የመንገድ ምልክት ነበር የመሰለኝ።»

ኢማዴ ሮጣ ጨርቁን ገለበችው። የቺፉ ስም ከጦረኛው ስም ገዝፎ ተጽፏል፤ ከሥሩም የነገው ቀን የምረቃ ቀን ተብሎ ሰፍሯል። ጣት የሚያካክሉ አራት ሚስማሮች ግንዱ ውስጥ ገብተው ልጡን ሰንጥቀውታል።

«ነቅዬ ፊቱ ላይ ነው የምወረውርለት! ጋዜጣም ላይ አወጣዋለሁ!»

«ጋዜጣውን ማን ያነበዋል? የመታው ይነቅለዋል። ነገ ሊመርቅ ይመጣል አይደል? በማለዳ ይምጣ፣ የራሱን ቤት ሽማግሌ ይዞ ይምጣ ብለሽ ላኪበት።»

«መጥቶ ምን ሊሆን? እንደ ክቡር እንግዳ የኮላ ፍሬ ልናቀርብለት?»

«ላኪበት አልኩሽ፣ አንቺ ችኩል!»

ቺፉ በማለዳ መጣ። ነጭ ሽርጡን አገልድሟል፤ አንገቱ በመርጃን ዶቃ ተጨንቋል። ፎቶ አንሺና ዘጠና ሊሞላቸው የተቃረቡት አጎቱ አባባ ኦቪያሱ አብረውት አሉ። ሰፈርተኛው አጥሩ ላይ ተደርድሯል።

«እማማ፣ እንዴት አደሩ?»

«እኔን ተወኝ» አለች ኢዜግቡዋ። «ቅድመ አያትህ እዚህ አሉ አይደል? የቤቱ ልጅ ጠዋት ተንበርክኮ የቤቱን ሰላምታ ሳይል ሌላ ቃል አያወጣም። በል እንጂ።»

ቺፉ ሳቀ። የሳቀው ግን እሱ ብቻ ነበር። በዚህ ከተማ እያንዳንዱ ቤት የራሱ የማለዳ ሰላምታ አለው፤ ከአባት የሚወረስ ነው። የኡዋይላን፣ ማለትም የነኢማዴን ቤት ሰላምታ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ ቺፉም ያውቀዋል። ተንበረከከና አፉን ከፈተ።

የአባባ ኦቪያሱ በትር መሬቱን መታ። «አንተ! የሌላ ቤት ሰላምታ ካፍህ ከወጣ፣ አባትህን ካድከው ማለት ነው። ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ!»

«አባባ፣ ለከተማው እድገት ብዬ እኮ ነው… ጎብኚ ጦረኛ ይወዳል።»

«ጎብኚ እንዲወዳት ጢም ታብቅል?» አለች ኢማዴ። አጥሩ ላይ ያለው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

ቺፉ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ከልጅነቱ ጀምሮ በየማለዳው ለአባቱ ሲያቀርብ የኖረውን፣ የራሱን ቤት ሰላምታ በለሆሳስ አለ። ቀስ ብሎ ቢልም ሁሉም ሰማው።

«የኛ አይደለም» አለች ኢዜግቡዋ። «እንግዳ ነህ። እንኳን ደህና መጣህ። እንግዳ ግን በሰው ጓሮ ሚስማር አይመታም።»

ኢማዴ መንቀያ ያለውን መዶሻ አቀበለችው። ቺፉ ሠራተኛ ፍለጋ ዞር ዞር አለ፤ የአጎቱን ዓይን ሲያይ ግን ተቀበላት። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ዝቅ አደረገ።

«አንሣ እንጂ!» አለችው ኢማዴ። «ለአርባ ሁለተኛው ገጽ አዲስ ፎቶ ያስፈልገናል።»

ሦስቱ ወጡ። አራተኛው ተጣመመ። ቺፉ ላቡን ጠረገ። «አንዱ ቢቀር ምንም አይል።»

«መጽሐፎቹስ?» አለች ኢማዴ።

«ለሆቴሎች ተሠራጭተዋል። በሚቀጥለው እትም እናስተካክላለን…»

በሚቀጥለው እትም! ኢማዴ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ማንም አልጠየቃትም እንጂ፣ ስድስት ወር የዞረችው ለሚቀጥለው እትም አልነበረም።

«ሆቴሎቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ» አለች። «ዛሬውኑ እንሄዳለን። እርስዎ መኪናውን ይነዳሉ፣ እኔ ገጹን እቀድዳለሁ። መጀመሪያ ግን አራተኛውን ይንቀሉ።»