የተዘጋው የእድር ገጽ

ኤፍሬም በባሕር ማዶ፣ ሬክስዴል በሚባል ሰፈር ባለው የምድር ቤት ክፍሉ፣ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ ገመድ ሲፈታ ስልኩ ጮኸ። እህቱ ናዝራዊት ናት፣ ከከተማው ሌላ ሰፈር ከፓርክዴል።

"የእድሩ ሳይት ዛሬም ቀይ ማስጠንቀቂያ ነው የሚያሳየኝ። አዳራሹን ለክርስትናው ቡክ ላድርግበት እንጂ!"

"ሰርተፍኬቱ ኤክስፓየር አድርጎ ነው። ልጁን አጥቢና ሞክሪ፤ ይከፈትልሻል።"

"ከእማዬ ጋር አወራህ?"

"ስልኳ አይነሳም። ግን አክስቴ ትናንት ከደሴ ደውላ ተሽሏታል ብላ የለ?"

"ከሆስፒታል ትውጣ ብቻ። ክርስትናውን በቪዲዮ ኮል ታየዋለች።"

ናዝራዊት አራስ ናት። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ሌሊቱን ነው የሚገባው፤ ቤት ውስጥ እሷና ሕፃኑ ብቻ ናቸው።

የእድሩን ድረ ገጽ ኤፍሬም ራሱ ሠርቶ ራሱ ያስተዳድረዋል። ሰርቨር ተብዬውም ይኸው ጠረጴዛ ሥር የሚያቃስት አሮጌ ኮምፒዩተር ነው። ለቅሶውም፣ ድግሱም፣ የአዳራሽ ኪራዩም የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። ገጹን ለሚከፍት ሰው "አትስጋ፣ ግባ" የሚለው ሰርተፍኬት እስከ ዛሬ በራሱ ይታደስ ነበር። ኤፍሬም ሞደም ሲቀይር ግን አዲሱ ሞደም የእድሳቱ ማረጋገጫ የሚገባበትን በር ዘግቶ ኖሯል። እሱ ደግሞ ኤርፖርት አጠገብ መጋዘን ውስጥ ደብል ሺፍት ሲሠራ "ሊያበቃ ነው" የሚሉትን የኢሜይል ማስታወሻዎች ዞር ብሎም አላያቸው። አባላቱ "ሳይቱ ተጠለፈ" ብለው ሲያሙት አፈረና ዛሬ ከሥራ ቀረ።

ሞደሙን መነካካት እንደጀመረ የእድሩ ጸሐፊ እትዬ ቆንጂት ደወሉ። ሰሞኑን "ቶሎ በል" እያሉ ጆሮውን ያደነቆሩት እሳቸው ነበሩ።

"ኤፍሬሜ፣ ያንን ነገር ዛሬ ተወው።"

"ሊያልቅ እኮ ነው፣ እትዬ።"

"ነገ ይደርሳል ስልህ! ምሳ በላህ?"

"እርስዎ ደግሞ ስለ ምሳዬ መጠየቅ መቼ ጀመሩ?"

እትዬ ቆንጂት አልሳቁም። "እረፍ፣ ልጄ" ብለው ዘጉ።

ያፈረ ሰው ምክር አይሰማም። ኤፍሬም የተዘጋውን በር ከፈተ፣ እድሳቱን አዘዘና ጠበቀ። ተሳካለት። ማስጠንቀቂያው ጠፍቶ ገጹ ቁልጭ ብሎ ተከፈተ።

ከላይ አዲስ የኀዘን ማስታወቂያ አለ።

"የአባላችን የኤፍሬም እናት ወይዘሮ ፋናዬ ገብረ ክርስቶስ ደሴ ላይ ዐርፈዋል። ለቅሶው ከነገ ጀምሮ በእድሩ አዳራሽ ነው።"

ደግሞ አነበበው። የእናቱ ስም ነው። የፈሩት ይደርሳል፤ ደረሰ። ከደሴ ለእድሩ ሽማግሌዎች ተደውሎ ኖሯል፤ እነሱም ነገ ጎህ ሳይቀድ በሩን ሊያንኳኩ ነበር፣ መርዶ እንደሚነገረው። እትዬ ቆንጂት ደግሞ ገጹ እንደተዘጋ ነው፣ ማን ያየዋል ብለው ከወዲሁ ጽፈው አስቀምጠውታል።

"እማዬ" አለ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

ወዲያው ናዝራዊት ትዝ አለችው። ሕፃኑን አጥብታ እንደጨረሰች ልትከፍተው ነው፤ አራሷ፣ ብቻዋን።

ማስታወቂያውን ሊያጠፋ ሲነካው ኮምፒዩተሩ "ይሰረዝ?" ሲል ጠየቀው። የእናቱን ስም በገዛ እጁ መሰረዝ አንጀቱ እምቢ አለ። ጎንበስ ብሎ የሰርቨሩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለው። ማቃሰቱ ቆመ።

እትዬ ቆንጂት ጋ ደወለ።

"ነገ ጠዋት ወደ እኔ እንዳትመጡ። ናዝራዊት ጋ ነኝ፤ እዚያ ኑ።"

"ወይኔ ልጄን! አየኸው እንዴ?"

"እሷ አልሰማችም። ባሏ ይግባ፣ ከዚያ እናንተ ንገሯት። እኔ አልችልም።"

ስልኩን ሳያስቀምጥ ናዝራዊት ደወለች። "አሁንማ ጭራሽ አልከፍት አለኝ!"

"አበላሸሁት፣ ናዚ። ዛሬ አይሆንም።"

"አንተ ደግሞ! ሰው አዳራሹን ቢወስደውስ?"

ኤፍሬም ዓይኑን ጨፈነ። "አንቺ ጋ መጥቼ ልደር?"

"በሰላም ነው?"

"ልጁን ልየው ብዬ ነው። ምን ላምጣ?"

"ዳይፐር" አለች፣ ደስ ብሏት።

ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግሞ ታጠበ። እስኪነጋ ላያለቅስ ለራሱ ነግሮ፣ ዳይፐር ሊገዛ ወጣ።