በሚካኤል የቆመው ወፍጮ

«ወፍጮውን አቁሚልኝ አልሁሽ!»

«ይህ ሁሉ ሰው ተሰልፎ?» አለች ወለተ ሐና፣ በሩዝ ገለባው ብናኝ ውስጥ ቆማ እየሳቀች። «ኮምፒውተርህን ተሸክመህ ወንዛዬ ውረድ፤ ፍል ውኃው ያሽረው እንደሆን።»

ገበሬዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዋና የተከራየኋት ክፍል አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። በዚያች ክፍል የአባቷን፣ የመሪጌታ ገብረ ሐናን ዜማ ስቀዳ ከርሜአለሁ። እሳቸው ባለፈው ዐቢይ ጾም ዐረፉ። አሁን ድምፃቸው ያለው በእኔ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው፤ ተማሪዎቻቸው ከጣራ ገዳም ድረስ እየመጡ ያዳምጡታል።

ኮምፒውተሩ ሁለት ዲስክ አለው። ሬይድ በሚሉት አሠራር አንዱ የያዘውን ሌላውም ይይዛል፤ በማኅሌት ቀኝ ጌታ ሲደክመው ግራ ጌታ እንደሚያነሣለት ማለት ነው። አንዱ ሞቷል። ሁለተኛው መንኳኳት ጀምሯል፤ ወደ ሌላ ቤት በባጃጅ ላንገላታው ብል መንገድ ላይ ይቀራል። አዲስ ዲስክ ከባሕር ዳር አምጥቻለሁ። ነገር ግን ደካማው ያለውን ሁሉ ለአዲሱ እስኪያስተላልፍ ግድግዳው መንቀጥቀጥ፣ መብራቱም ሞተሩ በተነሣ ቁጥር መርገብገብ የለበትም። ይህን በትዕግሥት አስረዳኋት። ቀጥሎ ጮህሁባት።

«ነገ ሚካኤል ነው» አለችኝ። «ወፍጮው አይዞርም። ይኸው፣ ለበዓል ጠላት በዓል ደረሰለት!»

ገበሬዎቹ አሁንም ሳቁ። «በዓል የበዛበት አገር እህል ያንሰዋል» ብዬ ጋዜጣ ላይ መጻፌን የማያውቅ የለም። ካህናቱ በዐውደ ምሕረት መልስ ሰጥተውኛል። አልተረታሁም፤ ዛሬም አልተረታሁም።

በማግስቱ ወፍጮው ዝም አለ። የሞተውን ዲስክ ነቅዬ አዲሱን ሰካሁ፤ ቅጂው ጀመረ። መቀመጥ አቃተኝ። የተቀዳው መጠን ከፍ ባለ ቁጥር እነሣለሁ፣ በሩን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ጆሮዬን ከኮምፒውተሩ ሳጥን ላይ እለጥፋለሁ። ቀጭ ይላል። ዝም ይላል። ደግሞ ቀጭ። እኩሌታውን እንዳለፈ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ላይ ክርክር ሰማሁና ወጣሁ።

ሽማግሌው አያ ደሳለው ከይፋግ ሩዝ ጭነው መጥተዋል።

«ነገ የወንድሜ ተዝካር ነው፣ ልጄ። ለአፍታ አዙሪልኝ።»

«በሚካኤል?»

«ምናለበት! ያ የተማረው ተከራይሽ በዓል ማክበር ስንፍና ነው ብሎ ጽፎ የለ? ልጄ አንብቦልኛል።»

ወለተ ሐና እጇን የወፍጮው ማብሪያ ላይ እንዳሳረፈች ወደ እኔ ዞረች። «እስቲ በአምላክ፣ ምን ትላለህ? የጻፍኸው ልክ ነው? ላዙርላቸው?»

በክርክር አፌ ተይዞ አያውቅም። አሁን ግን የጻፍሁት ሁሉ፣ ቃል በቃል፣ ከሽማግሌው ጎን ቆሟል።

«ሚካኤል ነው!» ብዬ ጮህሁ። «የታቦት አገር አይደለም እንዴ? እርስዎስ አያፍሩም፣ አያ ደሳለው?»

ሽማግሌው ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። «ጉድ ነው! መቼ መነኮስህ?»

ወለተ ሐና ሳቅ እስኪያንቃት ሳቀች፤ እጇን ግን ከማብሪያው አነሣች። «የተፈለፈለ ሩዝ አለኝ፣ አያ። እሱን ይውሰዱ፤ የእርስዎን ለእኔ ይተዉልኝ።»

ከቀትር በኋላ ቅጂው አለቀ። ወለተ ሐና ገብታ ከበሩ አጠገብ ቆመች።

«አሰማኝ» አለች። አባቷ ካረፉ ወዲህ ደፍራ ሰምታቸው አታውቅም።

ከችኮላዬ የተነሣ ለተማሪዎቹ ከጫጫታ ያጸዳሁትን ትቼ ጥሬውን ቅጂ ከፈትሁ። የመሪጌታ ድምፅ ወጣ፤ ከሥሩ የማያቋርጥ ጉርምርምታ አለ።

«ቆይ፣ የጸዳው ሌላ ነው» ብዬ እጄን ሰደድሁ።

«ተው! አትንካው። ወፍጮዬ ነው እኮ።» ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «አባባ አንድ ቀን አቁሚልኝ ብለውኝ አያውቁም። ድምፃቸውን ነበር ከፍ የሚያደርጉ።»

ለዚህም መልስ ነበረኝ። አፌን ስከፍት መሪጌታ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።