ከፎቶው ጫፍ የቆመው

ቪዲዮው ለሦስተኛ ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ደርሶ ቆመ። ኢያኤል እጁን ከኮምፒዩተሩ አነሣና በፎቶ ስቱዲዮው መስኮት ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ማየት ጀመረ። ረዳቶቹ እየጮኹ የሚጠሩት የሩቅ አገር ስም ሁሉ እሱን ና የሚለው ይመስለዋል።

«ኮምፒዩተሩም አንተን መሰለ እኮ!» አለ የስቱዲዮው ባለቤት አብዱራህማን። «ሐይቁ ጋ ሲደርስ ይፈዝዛል።»

እውነቱን ነው፤ የሚቆመው ሐይቁ ጋ ነበር። የወይዘሮ ብርቅዬ ልጅ ፋሲል ሐይቁ ላይ ጀልባ ይቀዝፍ ነበር። አምና ወባ በሳምንት ውስጥ ወሰደው። ለሙት ዓመቱ ድንኳን ውስጥ የሚታይ አጭር ፊልም እናቱ አዘው፣ ማምሻውን ሊወስዱ ይመጣሉ።

ኢያኤል መጀመሪያ ቦታ ጠቦት ይሆናል ብሎ ያረጁ ማስታወቂያዎችን አጠፋ። አልሆነም። መዝሙሩን አውጥቶ ሞከረ፤ ያም አልሆነም። በመጨረሻ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያወጣ ሲሞክር ጥፋተኛው ተገኘ፦ ጀልባ ቀዛፊዎቹ ሁሉ ውሃው ዳር ተሰልፈው የተነሡት ፎቶ። አንድ የሆቴል እንግዳ በትልቅ ካሜራ ከሰገነት ያነሣው ነው። ከመጠን በላይ ትልቅ ስለሆነ ኮምፒዩተሩ ሊሸከመው አልቻለም።

«አሳንሰውና ተገላገል» አለ አብዱራህማን።

አሳነሰው። ቪዲዮው ሳይደናቀፍ እስከ መጨረሻው ሄደ። ግን ከጫፍ ገመድ ይዞ የቆመው ፋሲል ፊቱ ጠፋ፤ የጤፍ ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ ሆኖ ቀረ። ሌሎቹ ፎቶዎች ደግሞ የሕፃንነቱ ናቸው። ካደገ ወዲህ ያለው ይኸው አንዱ ብቻ ነው።

ኢያኤል ትልቁን ፎቶ መልሶ ከፈተና ወደ ጫፉ ተጠጋ። ፋሲል ይስቃል፤ አንዷ የፊት ጥርሱ ሸረፍ ያለች ናት። ኢያኤል በሕይወቱ አግኝቶት አያውቅም። ግን፣ ጓደኛ ቢኖረኝ እንዲህ የሚስቅ ይሆን ነበር፣ ብሎ አሰበ። ዙሪያውን ቆርጦ ፊቱን ብቻ አስቀረ። ቁራጩ ትንሽ ስለሆነ ኮምፒዩተሩም አልተቸገረም።

ወይዘሮ ብርቅዬ መጥተው ፊልሙን ቆመው አዩት። የልጃቸው ፊት ስክሪኑን ሲሞላው እጃቸውን ዘርግተው ነኩት።

«እሱው ነው። ጥርሱን እኮ ኳስ ሲጫወት ነው የሰበራት።» የፊቱን ዙሪያ በዓይናቸው ፈለጉ። «ጓደኞቹስ የት ሄዱ?»

«ቆርጫቸው ነው፣ እማማ። ከነሱ ጋር ከሆነ ፊቱ አይለይም።»

«ብቻውን አቆምከው፣ ልጄ?»

ኢያኤል ፊልሙን አቆመ።

«ሻይ እንኳ ብቻውን አይጠጣም ነበር። መብራት ሲጠፋ እኔ ጋ መጥቶ ይተኛል፣ ያን የሚያክል ጎረምሳ! አሁን መቃብር ውስጥ ብቻውን መተኛቱ አንሶት ነው?»

«ሁለቱንም ፎቶ ላስገባ?»

«አይ፣ ከነሱ ጋር አድርግልኝ።»

«አይታይም እኮ፣ እማማ።»

«እኔ የት እንደቆመ አውቃለሁ» አሉ።

ያሳነሰውን የጋራ ፎቶ መለሰው። ሐይቁ ጋ ሲደርስ ወይዘሮ ብርቅዬ ሌላውን ሰው ሁሉ ትተው የስክሪኑን ጫፍ ብቻ አዩ። ፊልሙ የተቀዳበትን ፍላሽ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወጡ።

«ያንን ቁራጭ አጥፋው፣ ቦታ ይይዛል» አለ አብዱራህማን።

ኢያኤል አላጠፋውም። የራሱ የኢያኤል ስም ያለበት ፎልደር ባዶ ነበር፤ እዚያ ሊያኖረው አለና ተወ። የሠርግ ፎቶዎቹን ፎልደር ከፈተና ከሚበሉት፣ ከሚጨፍሩት፣ ትከሻ ለትከሻ ከተቃቀፉት ሰዎች መሃል አስገባው።