ሆምጣጤና ጠበል

አሲድ አልነካም ብያለሁ፤ አልነካም።

ይህን ለአሠሪዬ ለሲኞራ ስነግራት የሳቀችው ሳቅ አሁንም ያናድደኛል። የሮማ ውሃ ኖራ የበዛበት ነው። ገንዳው ላይም ቧንቧው ላይም ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፤ ያን ቅርፊት ከአሲድ በቀር የሚያነሣው የለም ተብላ ነው ያደገችው። ከአሲዱ በኋላ ደግሞ በረኪና ካልተደፋ ቤቱ ጸድቷል አትልም፤ አፍንጫዋ ካልተቃጠለ አታምንም። አንድ ቀን አንዱ ታጥቦ ሳያልቅ ሌላውን ደፋሁበትና ከገንዳው የተነሣው ጭስ ጉሮሮዬን አነቀኝ። ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኬ ስስል፣ ሲኞራ በሩ ላይ ቆማ «ምንጣፉን እንዳታበላሺ!» ትለኛለች። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ስወጣ ደረቴ ያፏጫል።

ሐኪሙ «ሥራ ቀይሪ» አለኝ። ለተናጋሪው ቀላል ነው። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሶጆርኖዬ፣ የሚታደሰው በሲኞራ ፊርማ ነው፤ በ1971 ዓ.ም. ደግሞ ሰው ከአገሬ ይሸሻል እንጂ ወደ አገሬ አይገባም። ስለዚህ ሥራውን ሳይሆን ማጽጃውን ቀየርኩ።

ከሱቅ ርካሹን ነጭ ሆምጣጤ ገዛሁ። በውሃ አቀጥነዋለሁ፣ የሎሚ ልጣጭ እዘፈዝፍበታለሁ፣ ሲሰነብት አጥልዬ ጠርሙስ ውስጥ አደርገዋለሁ። ቧንቧው ላይ በሆምጣጤ የተነከረ ጨርቅ ጠምጥሜ ሌላ ክፍል እስካጸዳ ድረስ እተወዋለሁ፤ ስመለስ ቅርፊቱ ላልቶ ይጠብቀኛል። ገንዳው ላይ ደግሞ ቢካርቦናቶ፣ ያ ሆድ ሲነፋ የሚጠጣው ነጭ ዱቄት፣ እነሰንስና ሆምጣጤውን አፈስበታለሁ፤ ሽሽ ብሎ ይኩረፈረፋል፣ ያኔ ማሸት ነው። ሁለቱን አስቀድሞ ጠርሙስ ውስጥ የሚደባልቅ ሰው ጉልበታቸውን እዚያው ይጨርሰዋል። እብነ በረድ ላይ ጠብ እንዳይልም እጠነቀቃለሁ፣ ይበላዋል። ይህን ሁሉ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። እናቴ ድስትና ልብስ የምታጥብበትን አመድና እንዶድ ሮማ ላይ ባጣ፣ ከሮማ ጓዳ ምትኩን ፈለግኩ፤ አንዳንዴ ተሳካ፣ አንዳንዴም የሰው ቧንቧ አበላሽቼ ተሰደብኩ።

የምንኖረው ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ውስጥ፣ አራት ሴቶች ሆነን ነው። እኔ የሻረግ፣ ጓደኛዬ አበራሽ፣ የአስመራዋ ልዕልቲ፣ እንዲሁም የአበራሽ እናት እማማ ጣይቱ። እማማ ለዓይን ሕክምና ተብለው፣ በስንት ደጅ ጥናት ነው ከአዲስ አበባ የወጡት። ልጃቸው ግዛቸው ከሁለት ዓመት በፊት «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብሎ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። እማማ ስንቅ ይዘው እስር ቤቱን ሁሉ ዞረዋል፤ መልሱ «እዚህ የለም» ነው። ሬሳም አልተገኘም። ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም። እሳቸው ግን ይጠብቁታል፤ እኛም አብረን እንጠብቃለን። በዚያ ቤት ስለ ግዛቸው «ነበረ» ብሎ የሚያወራ ሰው ወዮለት።

ሲመጡ የእንጦጦ ጠበል በጀሪካን ይዘው ነበር። ላስቲኩ ሸተተ ብላ አበራሽ ወደ አረንጓዴ የማዕድን ውሃ ጠርሙስ ገለበጠችላቸው። አልጋቸው አጠገብ፣ ኮመዲኖ ላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ይቀመጣል። ጠዋት ጠዋት እህል ሳይቀምሱ በስኒ ይቀዱና፣ የግዛቸውን ስም ጠርተው፣ በአንድ ትንፋሽ ይጠጡታል። የእኔም ሆምጣጤ ያለው እንደዚያው ባለ አረንጓዴ ጠርሙስ ነው፤ ቦታው ግን ኩሽና፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ነው።

በዚያ ሳምንት ሲኞራ ቁርጡን ነገረችኝ። «ሐሙስ ገንዳው ካላበራ ወይ አሲዱን ትይዣለሽ ወይ በሩን።» እሺ አልኩ። ሐሙስ ጠዋት እልህ ቀስቅሶኝ ተነሣሁ። ሆምጣጤዬን ከኩሽና አወጣሁ፣ ኮቴን ልለብስ ከእማማ ጋር ወደምተኛበት ክፍል ገባሁ፣ ጠርሙሱን ኮመዲኖው ላይ አስቀመጥኩ፣ ለበስኩ፣ ጠርሙስ አነሣሁና ወደ አውቶቡሱ ሮጥኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ? እኔ እንኳን ልለቅም፣ ማፍሰሴንም አላወቅኩም።

ፓሪዮሊ ሰፈር፣ ሲኞራ ቤት፣ ገንዳው ላይ ቢካርቦናቶውን ነሰነስኩና ጠርሙሱን ዘነበል አደረግኩ። ዝም። ትንሽ ጨመርኩ። ዱቄቱ ረጥቦ እንደ ሊጥ ተኛ እንጂ አልተኩረፈረፈም። ባሸተው አይሸትም። ቀመስኩት። ውሃ ነው። የእንጦጦን ጠበል የፈረንጅ መታጠቢያ ላይ አፍስሼዋለሁ!

ወደ ፍሳሹ እንዳይወርድ በሻርፔ መጠጥኩት። «እመቤቴ ይቅር በይኝ» እያልኩ ሻርፑን ደረቴ ላይ ጨመቅኩት፤ ከባከነ አይቀር ለሳሉ ይሁነኝ ብዬ። ከዚያ ነው እማማ ትዝ ያሉኝ። ይኼኔ እሳቸው የቀዱት ሆምጣጤ ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ አይለዩትም። ይኮመጥጣቸዋል፣ ይተፉታል፣ ማታ ይቆጡኛል፣ ሆምጣጤ ሰው አይገድልም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እንዳልደውል ቤታችን ስልክ የለም። ጥዬ እንዳልሄድ ሲኞራ ሳሎን ተቀምጣ ጆሮዋን ቀስራለች።

የአሲዱ ጠርሙስ እዚያው ጥግ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ደፍቶ፣ ትንፋሽ ይዞ፣ ቶሎ መገላገል ይቻል ነበር። አልነካሁትም። ሲኞራን የሰላጣዋን ሆምጣጤና ሎሚ ለመንኳት።

«አሎራ፣ ታዲያ ያመጣሽው የት ሄደ?» አለች ቅንድቧን ሰቅላ።

«እሱ ሌላ ሥራ አለው» አልኳት።

ሎሚውን ቆርጬ ቅርፊቱ ላይ ፈተግኩት፣ ጨርቁን ጠመጠምኩ፣ አሸሁ፣ አጠብኩ፣ እንደገና አሸሁ። ክንዴ ዛለ፤ ደረቴ ግን አላፏጨም። ሲኞራ መጣች። ጣቷን በገንዳው ጠርዝ ላይ አንሸራተተች፣ ቧንቧው ላይ ፊቷን አየች፣ አየሩን ማገች። «ሰላጣ ሰላጣ ይሸታል» አለች። ቆየት ብላ «ቫ ቤኔ»፣ ይሁን እንግዲህ፣ አለችና ወጣች። ከእሷ አፍ ይህ ምርቃት ነው። አሲዱን ራሷ ይዛው ስትሄድ አይቼ በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ሐሙስ ከሰዓት የቤት ሠራተኛ ሁሉ ዕረፍት ነው፤ ጣቢያው አጠገብ ያለው አደባባይ፣ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ፣ በሐበሻ ይሞላል። ያን ዕለት ግን ከአውቶቡስ ወርጄ ሳልፍ አንድ እንኳ የማውቀው ሰው አጣሁ። የት እንደሄዱ የገባኝ የእኛን ደረጃ ስወጣ ነው። ዋይታ ይሰማል።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሴቶቹ መሬት ላይ ተደርድረው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዙረው ተቀምጠዋል። መካከላቸው እማማ ጣይቱ ጥቁር ለብሰው ደረታቸውን ይመታሉ። አበራሽ ሳታየኝ አልቀረችም፤ እየተንገዳገደች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«ግዛቸው! የሻረግዬ፣ ወንድሜ አለቀልኝ!»

«መርዶ መጣ? ማን ነገራችሁ?»

«ጠበሉ።»

እማማ ቀና አሉ። ድምፃቸው ተዘግቷል። «ጠዋት ስሙን ጠርቼ ጠጣሁት ልጄ። ሆምጣጤ ሆነብኝ። ጌታችን በመስቀል ላይ ሆምጣጤውን ቀምሶ አይደል ‹ተፈጸመ› ያለው? ከዚያ አይደል ነፍሱን የሰጠው? ለኔም ተፈጸመ ተባለልኝ። ልጄ የለም።»

አበራሽ ከሥራ ስትመለስ እሷም ቀምሳዋለች። የእኔ ሆምጣጤ እንዳለ እያወቀች ለምን አልጠረጠረችኝም? ሁለት ዓመት ሙሉ ክፉ ወሬ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ምልክት ስታገኝ ምስክር አትጠይቅም። ወርዳ ፒያሳው ላይ ጮኸች፤ ሰው ተከተላት።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «እማማ፣ ጠርሙሱን የቀየርኩት እኔ ነኝ። የጠጡት የኔን ማጽጃ ነው። ጠበልዎ ይኸው፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው» አልኩ።

አላመኑኝም። ራሳቸውን ነቀነቁ። «የኛን ወግ የማላውቅ መሰለሽ? ሰው ሞቶ ‹ደህና ነው› ይባላል፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ መጥቶ እስኪያረዳ ድረስ ይደበቃል። እናንተ ከሰማችሁ ቆይታችኋል። እግዚአብሔር ቀደማችሁና አሁን ልትሸፍኚው ነው።»

ጎን ያሉት ሴትዮም «ተዪ የሻረግ፣ ይውጣላቸው» ብለው ቀሚሴን ጎተቱኝ።

አልተውም! ለሲኞራ ያልተበገርኩ፣ ለገዛ ሆምጣጤዬ ልበገር? ከኮመዲኖው ላይ ጠርሙሱን አነሣሁ፣ በሌላው እጄ እማማን ደግፌ ወደ ኩሽና ወሰድኳቸው። ለቀስተኛው ሁሉ ግር ብሎ ተከተለን። የዕቃ ማጠቢያችን ውሃ ሲንጠባጠብበት ኖሮ ነጭ ቅርፊት ለብሷል። ቢካርቦናቶውን ነሰነስኩ፣ ሆምጣጤውን አፈሰስኩ። ሽሽሽ አለ፤ አረፋው ተነሣ። እማማ ባያዩትም ሰሙት። አሸሁ፣ ውሃ ለቀቅኩበት፣ እጃቸውን ይዤ ያጸዳሁትንና ያላጸዳሁትን አስዳሰስኳቸው።

«ጠበል እንዲህ ያደርጋል እማማ?»

«ጠበልማ ይህንንም ያደርጋል» አሉ።

ከኋላ አንዷ ዕንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። እኔም ሳቄ መጣ፤ ውጬው እውነተኛውን ጠርሙስ ከቦርሳዬ አወጣሁና በስኒ ቀዳሁላቸው። «ይቅመሱት።»

ቀመሱት። አፋቸው ውስጥ አቆዩት። «እሱ ነው» አሉ በቀስታ። ጠርሙሱን ተቀብለው በእጃቸው መዘኑት። «ጎድሏልሳ።»

«የሲኞራ ገንዳ ላይ ፈሰሰ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እንግዲህ ገንዳዋ ክርስትና ተነሣ» አሉ፤ ሳቅ ግን ፊታቸው ላይ አልነበረም። ጠርሙሱን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲያው ልጄ አልሞተም ማለት ነው?»

ሁሉም እኔን ያያል፤ አበራሽ ከሁሉም በላይ። «አለ» ብላቸው ምንኛ ደስ ባለኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አላውቅም እማማ» አልኩ። «ጠርሙሱም አያውቅም።»

አበራሽ ፊቷን ሸፈነች። እማማ ግን ጠርሙሱን መልሰው ሰጡኝ። ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ጥለቱን በጣታቸው ዳብሰው አገኙት፣ ወደ ታች መለሱትና ለበሱት።

«ካላወቅን አናለቅስም» አሉ። «ሰው በጥርጣሬ አይቀበርም። ተነሡ፣ ለቅሶ የለም።»

ሴቶቹ ተያዩ። አንድ በአንድ ነጠላቸውን ያስተካክሉ ጀመር፤ አንዳንዷ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ተጠጋች። ልዕልቲ ግን በሩ ሥር ቁጭ እንዳለች መንሰቅሰቋን ማቆም አቃታት። ለግዛቸው አልነበረም፤ እሱን አይታው አታውቅም። ከእኛ ጋር ስትኖር ስለ ቤተሰቧ አንድ ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

እማማ ግድግዳውን እየዳበሱ ሄደው አጠገቧ ተቀመጡ። «ለማን ነው የምታለቅሺው ልጄ?»

«ለወንድሜ» አለች። «ከአስመራ ወጥቶ በረሃ ከገባ ወዲህ ወሬው ጠፋ።»

«መሞቱን አውቀሻል?»

«አላወቅኩም እማማ።»

«እንግዲያው ነጠላሽን አስተካክዪ» አሉና፣ እሷ እስክትነሣ ሳይጠብቁ፣ ራሳቸው ከትከሻዋ ላይ አንሥተው፣ ጥለቱን ወደ ታች አዙረው አለበሷት።