የልጄን መሸኛ ማን ፈረመ?

አብዱልሃፊዝ ዕድሜውን ሙሉ ቡታጅራ ገበያ በርበሬ ሲሸጥ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ያየ ሰው የለም። የዚያን ዕለት ግን በአንድ ስልክ ተሸነፈ። ካናዳ ያለችው ልጁ ሩፋይዳ ደውላ፣ «አባዬ፣ እንኳን ደስ ያለህ! ቋሚ ነዋሪ ሆንኩ!» ከማለቷ ኔትወርኩ ጠፋ።

አትፍረዱበት። እኛ አገር ሰው የሁለት ቀበሌ ቋሚ ነዋሪ አይሆንም። ወደ አዲሱ ለመግባት ከድሮው መሸኛ ያወጣል፤ ከቤተሰቡ ማህደርም ይሰረዛል።

«ልጅሽ መሸኛ አውጥታ ከላዬ ተሰረዘች!» አላት ሚስቱን ዘይባን። «ከእንግዲህ ለአረፋም አትመጣም!»

ከሄደች ጀምሮ አረፋ በመጣ ቁጥር በሬ ይታረዳል፤ እሷ ግን የለችም። ይኼ ነው አንጀቱን የሚበላው።

ዘይባ «ኧረ ሰው ይስቅብሃል» ብትል ማን ሰምቷት! የግራ ጫማውን በቀኝ አድርጎ ቀበሌ ገባ። ሰላምታ እንኳ ረስቶ፣ የመዝገብ ሠራተኛው ገሠሠ ላይ አፈጠጠ።

«የልጄን መሸኛ ማን ፈረመ?»

«ወዴት ሄደች?»

«ካናዳ ቀበሌ!»

ገሠሠ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ማህደሩን አገላበጠ። «ኧረ አባቴ፣ አለች። እንዲያውም ባለፈው ችግኝ ተከላ ቀሪ ተብላለች።»

«ቀሪ በሏት!» አለ አብዱልሃፊዝ በደስታ። «ሁልጊዜ ቀሪ በሏት፣ ብቻ አትሰርዟት!»

ማታ ሩፋይዳ እንደገና ደወለች።

«አባዬ፣ ቋሚ ማለት እኮ እዚሁ መቅረት አይደለም። እስከ ዛሬ ከወጣሁ አያስገቡኝም ብዬ ነው የፈራሁት። አሁን ወጥቼ መግባት እችላለሁ። ዜግነቴም ያው ነው። ለአረፋ እመጣለሁ!»

«ቋሚ ስትሆኚ ነው የምትንቀሳቀሺው?»

«አዎ።»

«የፈረንጅ ነገር!»

«ግን ጨርሼ ከጠፋሁ የመኖሪያ ፈቃዱን ይነጥቁኛል። ከአምስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ ሁለቱን እዚህ መኖር አለብኝ።»

አብዱልሃፊዝ ነጋዴ ነው፤ ሒሳብ አያመልጠውም።

«ሁለቱ የእነሱ ከሆነ» አለ፣ «ሦስቱ የማን ነው?»

ሩፋይዳ ሳቀች፣ ሳቀች፣ ኋላ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረባት። «አባዬ፣ ከሥራ የፈቀዱልኝ እኮ ሦስት ሳምንት ነው።»

«እሺ፣ ነይ ብቻ» አለ። «እሱን ከመጣሽ በኋላ እንከራከራለን።»