የማይከራየው ድርያ

ኅዳር 15 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ሚስቴ ሂንዳ ጥላኝ ዋሂል ከተማ የምትኖረው እህቷ ሃዎ ዘንድ ሄደች። ሰዓቱን እንዲህ አጥርቼ የማውቀው፣ እሷ ስትናገር ፊቷን ማየት ፈርቼ የግድግዳውን ሰዓት ሳይ ስለነበር ነው።

ሂንዳ ቀፊራ ገበያ አጠገብ የሙሽራ ልብስ የምታከራይበት ሱቅ ነበራት። ሥራዋ ግን ልብሱ ላይ አያበቃም። አንዴ ከእሷ ልብስ የተከራየች ሙሽራ ዕድሜ ልኳን ከእጇ አትወጣም። በሰፈራችን ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚላከው ወደ እሷ ነው። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ትሄዳለች፣ ሁለቱንም እኩል ትሰድባለች፣ ሻይ ጠጥታ ትመለሳለች። ተፋትተው የቀሩትን "ገና አልጨረስኩም" ትላቸው ነበር።

እኔ ባጃጅ እነዳለሁ። ተሳፋሪ እስኪመጣ ያገኘሁትን አነባለሁ። አንድ ቀን አንድ ሰው የኋላ ወንበር ላይ የረሳው፣ ሽፋኑ የወደቀ መጽሐፍ አገኘሁ፤ የጥንት ግሪኮችን ተረት የሚያወራ። ምሳ ላይ ለሂንዳ ነገርኳት። ሄራ የምትባል የጋብቻ አምላክ ነበረቻቸው፣ ቁርጥ አንቺን አልኳት።

አስተግፊሩላህ ብላ ሳህኑን ከፊቴ አነሳች። ትንሽ ቆይታ ግን ሴትዮዋ ባል እንዳላት ጠየቀችኝ። አላት፣ ዜውስ ይባላል አልኳት። ሥራው? መብረቅ መወርወር። ጠባዩስ? የሰውን ሁሉ ትዳር ስትጠብቅ የገዛ ባሏ አንድ ቀን እንኳ አላሳረፋትም አልኳት።

"እሱንስ አውቀዋለሁ" አለች ሂንዳ። "ባጃጅ ይነዳል።"

ወደ ጥፋቴ ልመለስ። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ቤታችን ሲገባ፣ የሰርጋችን ፎቶ፣ ሳጥኑ፣ ምንጣፉ፣ ሁሉም ሄደ። ከሰርጋችን የተረፈው ሂንዳ ጭንቅላቷ ላይ ጠምጥማ ይዛው የወጣችው ድርያዋ ብቻ ነው። ሰፊና ስስ ቀሚስ ነው፤ ሲንቀሳቀስ አንዴ አረንጓዴ አንዴ ሰማያዊ ይሆናል። ቤታችን አይጥ ስላለ ሱቅ ውስጥ ከሚከራዩት ጋር ጥጉ ላይ ሰቅላው ነበር። የጥጉ አይከራይም ብላ ነግራኛለች። ስንት ጊዜ ነገረችኝ? ሃያ ጊዜ።

አንድ ሐሙስ ሱቁን አስጠብቃኝ ለቅሶ ሄደች። አንዲት ሙሽራ ገባች፣ ሁሉንም አየች፣ የጥጉን ወደደች። እኔም አውርጄ ሰጠኋት። ልጅቱ አጭር ነበረች። ሰኞ ድርያው ሲመለስ ከታች አንድ ስንዝር ተቆርጦ ነበር።

ያን ጊዜ እንኳ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። "ጨርቅ እኮ ነው፣ ሂንዳ" አልኩ።

አልጮኸችም። ያላትን በቀስታ ተናገረች፣ ድርያውን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

በሰፈራችን ሚስት ስትኮርፍ ሂንዳን ይልካሉ። ሂንዳ ስትኮርፍ ማንን እንደሚልኩ ግን ማንም አስቦበት አያውቅም። አዛውንቶቹን ብለምናቸው እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ ሦስቱ ዋሂል ድረስ ሄዱ። ሃዎ በስልክ እንደነገረችኝ፣ ሂንዳ ጥሩ ምሳ አበላቻቸው፣ የሚሉትን እስከ መጨረሻው ሰማች፣ ከዚያ ሽምግልና እንዲህ እንደማይጀመር፣ መጀመሪያ ጥፋቱ በስሙ መጠራት እንዳለበት አስተምራ ሸኘቻቸው። ሰዎቹ ተመልሰው ሲመጡ በእሷ የረኩ ይመስሉ ነበር። እኔን ግን ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።

ሳምንት አለፈ። ብደውል አታነሳም። ሃዎን ብጠይቃት፣ እህቷ ዋሂል ሱቅ የሚሆን ቤት እያየች እንደሆነ ነገረችኝ። ያኔ ነው የፈራሁት።

ቀሚሱን ወደ ቆረጠው ልብስ ሰፊ ሄድኩ። ቁራጩን ከሌላ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጋር ጥሎት ነበር። ሦስት ጆንያ ገልብጬ አገኘሁት። ልስፋልህ ቢለኝ እምቢ አልኩ። ባጃጅ ተራው ላይ ቁጭ ብዬ በራሴ እጅ ሰፋሁት፤ አራት ቀን ፈጀብኝ። ሾፌሮቹ ጓደኞቼ እንደ እርጉዝ ሴት ስፌት ይዤ ሲያዩኝ መቼ ነው የምትወልደው እያሉ ቀለዱብኝ።

ስሰፋ የሄራ ታሪክ ቀሪው ትዝ አለኝ። እሷም አንዴ አኩርፋ ቤቷን ጥላ ሄዳ ነበር። ዜውስ ግንድ እንደ ሙሽራ አልብሶ፣ ሻሽ አከናንቦ፣ ጋሪ ላይ ጭኖ ሌላ ላገባ ነው ብሎ አስወራ።

እኔ ጋሪ የለኝም። ቅዳሜ ከሰዓት የሱቁን የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ድርያውን አለበስኳት፣ ፊቷን በሻሽ ሸፈንኩ፣ ባጃጄ ውስጥ አስቀመጥኳት። በድሪያ የምትባለው ሳምቡሳ ሻጭ ጎረቤታችን ቆማ ታያለች። ጠጋ ብዬ፣ ሙሽራዬ ናት፣ አደራ ለማንም እንዳትነግሪ አልኳት። ሞተር ሳላስነሳ ስልኳን አወጣች።

ሁለት ሰዓት አልሞላም። ከቤታችን በር ላይ ሆኜ ሳይ፣ ሂንዳ ድልድዩን ለመዞር ትዕግሥት አጥታ በደረቁ ደቻቱ አሸዋ ላይ እያቋረጠች መጣች። ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ሰላም አላለችኝም። ባጃጁ ውስጥ ገብታ ሻሹን በአንድ እጇ ገፈፈችው።

አሻንጉሊቷ አፍንጫ የላትም፤ ከተገዛች ጀምሮ የላትም። ሂንዳ ያቺን የተሰበረች ፊት ብዙ አየቻት። ከዚያ ጎንበስ ብላ የቀሚሱን ጫፍ አነሳች።

"ይሄን ማነው የሰፋው?"

"እኔ።"

"ያስታውቃል።"

ስፌቱን በጣቷ እየዳሰሰች ዙሪያውን ሄደች። መጥፎ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ እንደ ሽንብራ ተቋጥሯል።

"ወርያ፣ ያን ዕለት ምንድነው ያልከኝ?"

"ጨርቅ ነው አልኩሽ።"

"አሁንስ?"

"አይደለም።"

ያኔ ሳቀች። ባጃጁ እስኪነቃነቅ ሳቀች፣ እንባዋን በዚያው ሻሽ ጠረገች። "በል አውርዳት አቦ" አለችኝ፣ "ወንበሬ ላይ ነው ያስቀመጥካት።"

ሻይ ስንጠጣ ተረቱ ከየት እንደመጣ ነገርኳት። ሄራ ከታረቀች በኋላም ግንዱን አቃጥላዋለች አልኳት። ሂንዳ ሴትዮዋን ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገነቻት። አሻንጉሊቷንም በሳምንቱ ለሌላ ሱቅ ሸጠቻት። ስፌቴን ግን አልፈታችውም፣ በሙያተኛም አላስደገመችውም።

ሂንዳ በጥቅምት 2016 በስኳር ሕመም አረፈች። ሱቁን አሁን ሃዎ ትሠራበታለች። ድርያው ግን እኔ ጋ፣ ቤት ነው።