የረቡዕ ልብ

«ለኮሌጃችን ማኅበረሰብ በሙሉ! የፊታችን ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በባዮሎጂ ክፍል ውስጥ፣ የባዮሎጂ ትምህርት የሚሰጥ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን።»

ማስታወቂያው ማኅተም አርፎበት በሩ ላይ ተለጠፈ። ካዛንቺስ ሲፈርስ እንደ ዕድል ሆኖ የተረፈው ይህ የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ ለአንድ ክፍለ ጊዜ እንዲህ ተጨንቆ አያውቅም። ረቡዕ ግን የመምህራን ሽልማት ዳኞች ይመጣሉ። መምህር አምኃ «ማንንም ሳይተው ባዮሎጂን በላቀ ሁኔታ በማስተማር» ታጭቷል። ካሸነፈ፣ በየሴሚስተሩ እየታደሰ ሦስት ዓመት ያንቀጠቀጠው ኮንትራት ቋሚ ይሆናል። ዲኑ አቶ ተስፋለም ቃል ገብተውለታል። ካላሸነፈስ? እሱን አላነሡትም።

«ማንንም ሳይተው» የተባለው በልዑልቃል ምክንያት ነው። ልዑልቃል ዓይነ ስውር ነው። አምኃ ሰኞ ዕለት የበሬ ልብ ገዝቶ መጣና አራቱን ክፍሎች አንድ በአንድ አስዳሰሰው። ልጁ ደስታው ወሰን አጣ፤ አልለቅም አለ። ረቡዕም በዳኞቹ ፊት ይደገማል ተባለና ልቡ የኮሌጁ ካፌ ፍሪጅ ውስጥ ገባ።

ረቡዕ ጾም መሆኑን ማንም አላሰበም። ከካፌዋ ምግብ አብሳይ በቀር።

ረቡዕ ጠዋት አምኃ ፍሪጁን ከፍቶ ክው አለ።

«እትዬ አርያም! ልቡ የት ሄደ?»

«ማክሰኞ ማታ ፍሪጄ ውስጥ ሥጋ አይቼ ዝም ልል ነው? የጾም ምግቤን ሊነካካብኝ! ለዘበኛው ውሻ ሰጠሁታ።»

«ውሻው በላው?»

«ታዲያ ሊያጠናው ነው?»

ስልኩን አነሣ። የሚያውቃቸው ሥጋ ቤቶች ከላንቻ እስከ ሰንጋ ተራ ዝግ ናቸው። በዚህ መሀል ዓይኑ እትዬ አርያም ለሰላጣ ቀቅለው ያወጡት ቀይ ሥር ላይ አረፈ። ትልቁ ጡጫ ያህላል፣ ከሥሩ ሹል ነው፣ ሲነኩት ይደማል። ፈጣሪ ልብ ሊያደርገው ጀምሮ በመጨረሻ ሐሳቡን የቀየረ ይመስላል።

ቀይ ሥሩን ትሪ ላይ አድርጎ፣ ሸፍኖ ክፍል ሲደርስ ዳኞቹ በሩ ላይ ከዲኑ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣሉ። መናገር አይቻልም። ጠመኔ አንሥቶ ሰሌዳው ላይ ጻፈ፦ «ትሪው ላይ ያለው ቀይ ሥር ነው። እንደ ልብ ቁጠሩት።»

«ሁላችሁም ገብቷችኋል?»

«አዎ ቲቸር!»

አጠፋው።

የዳኞቹ ሰብሳቢ ዶክተር ሔለን ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ኋላ ተቀመጡ። ትሪው ሲገለጥ ዶክተሯ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ። «ጾም ነው፤ ከዚሁ ይታየናል» አሉ።

ትምህርቱ አማረ። ናኦድ ስለ ደም ዝውውር እንደ ልምምዱ ጠየቀ። ፍዮሪ ቀይ ሥሩን ትክ ብላ እያየች «በግራ በኩል ያለው ግድግዳ ወፈር ይላል» አለች። ዶክተሯ ጻፉ፣ ጻፉ። አምኃ ትሪውን ሊሸፍን እጁን ዘረጋ።

«ቆይ፣ ያ ተማሪስ?» አሉ ዶክተሯ። «በማመልከቻው ላይ ያለው። ይዳስስ እንጂ!»

አምኃ ትሪውን ወደ ራሱ ሳበ። ልዑልቃል ግን ደስ ብሎት ወደ ፊት መጣ። ዳሰሰ። ጣቱ ቆመ። ገለበጠው፤ የሰኞዎቹን ደም ሥሮች ፈለገ። ለሁለት ገመሰው፤ ከአራቱ ክፍሎች አንዱም የለም። አሸተተው። ከዚያ ቁራሹን አፉ ውስጥ ከተተ።

«በስመ አብ!» ዶክተር ሔለን ሲነሡ ወንበራቸው ወደቀ። አንደኛው ዳኛ አፉን በእጁ ያዘ። አቶ ተስፋለም ግድግዳውን ተደገፉ። «ጥሬ ሥጋ!» አሉ፤ ጥቂት አሰቡና «በረቡዕ!»

ልዑልቃል አላምጦ ዋጠ።

«ቲቸር፣ ቀይ ሥር እኮ ነው» አለ። «ደሞ ጨው የለውም።»

ፊቱን ወደ ክፍሉ መለሰ። «ሁላችሁም ታውቁ ነበር እንዴ? ምነው ለእኔ ሳይነገረኝ?»

ፍዮሪ፣ ልታጽናናው ብላ፣ በለሆሳስ፦

«ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ነበር እኮ» አለችው።

ዶክተር ሔለን ወንበራቸውን አነሡ፤ አልተቀመጡበትም። የብዕራቸውን ክዳን ገጠሙ።